ጾምና ሚዛን

በአገራችን ልማድ «ወፈርህ» ማለት ምስጋና፥ «ከሳህ» ማለት ደግሞ የሕመምና የችግር ጥያቄ ነበር፤ በብዙ ስፍራ ዛሬም እንዲሁ ነው። ነገር ግን በከተሞቻችን ሐኪም «ክብደትህን ቀንስ» የሚለው ሰው በርክቷል። ከእነዚህም መካከል «የምጾመው ጾም ለዚህ ይበቃኛል» የሚል፥ በትንሣኤ ማግሥትም ስንት ኪሎ እንደ ቀነሰ የሚቈጥር አይጠፋም። እንግዲህ ክርስቲያን ስለ ሰውነቱ ክብደት ማሰብ ይገባዋልን? ጾምንስ የዚህ መሣሪያ ሊያደርገው ይችላልን?

አስቀድመን ሥጋን መጠበቅ ኃጢአት አለመሆኑን እንናገራለን። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን አስተምሯል፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ስለ ሆነ መድኃኒቱን መሻት ተገቢ ነው።

ዳሩ ግን ወፍራሙን ሁሉ ሆዳም ነው ብለን አንፍረድ። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ያለችውን መዘዞን እንመልከት። በዚያ ደጋ ገብስና ባቄላ የሚያመርተው ገበሬ ሲያርስና ሲያጭድ፥ ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ ይውላል፤ የበላውን እንጀራ፥ በሶና ቆሎ ድካሙ ይጨርሰዋል። ልጁ ግን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ገብቶ በወንበር ላይ እየዋለ ያንኑ ያህል ቢመገብ፥ ትርፉ ስብ ሆኖ በሰውነቱ ይከማቻል። የተለወጠው ሥራው እንጂ ሆዱ አይደለም።

እንግዲህ ክብደቱን ሊቀንስ የሚሻ ሰው የትኛውን የአመጋገብ ሥርዓት ይምረጥ? ሐኪሞች የሚመክሩት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ያህል ቀስ እያሉ መቀነስን ነው። በጥድፊያ መክሳት ጡንቻን ያመነምናል፥ የሐሞት ጠጠርንም ሊያስከትል ይችላል፤ የቀነሰውም ክብደት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች መመገብ ያለ ሐኪም ጥበቃ አይገባም። ስለዚህ በጥቂት ቀን ብዙ ኪሎ አስወግዳለሁ ብሎ ተስፋ የሚሰጠውን፥ ወይም አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ብላ የሚለውን ሥርዓት እንጠርጥረው። የሚሻለው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሊጠብቀው የሚችለው ነው፤ ይኸውም ጥራጥሬና አትክልት የሚበዛበት፥ ስኳርና ዘይት የሚያንስበት፥ በእግር መሄድም የሚታከልበት ነው።

ይህ ሥርዓት የጾማችንን ማዕድ ስለሚመስል ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር ይቀላል፤ አንድ ግን አይደሉም። የጾም ምግብ በራሱ አያከሳም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንኳ 120 ካሎሪ ያህል አለው። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ዐሥር ቀን ጥራጥሬ ብቻ ተመግበው ውኃ ጠጥተው በታዩ ጊዜ፥ መጽሐፍ ሥጋቸው ወፍሮ እንደ ተገኘ እንጂ እንደ ከሱ አይናገርም። የፈለጉት ከንጉሡ ማዕድ ርኵሰት መጠበቅን ነበርና።

ሥራን ሥራ የሚያሰኘው ዓላማው ነው። ክብደት ሊቀንስ የሚሻ ሰው ከአፉ የከለከለውን ለራሱ ያስቀምጠዋል፤ ጿሚ ግን በኢሳይያስ ትምህርት እንደ ታዘዘው ለተራበ ያካፍለዋል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ከመቶው 22ቱ ከመጠን በታች የከሱ፥ 8ቱ ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። አንዱ የሚሸሸውን ጎረቤቱ አጥቶታል ማለት ነው። ጾማችን ከእኛ ማዕድ ቀንሶ በእርሱ ማዕድ ላይ ካልጨመረ ምን ረባን?

ከጾም ጋር ክብደት ቢቀንስ ነውር የለበትም፤ በእግሩ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ጉልበቱ ቢጠነክር ነውር እንደሌለበት ነው። ሚዛኑ ዓላማ በሆነ ጊዜ ግን ጾሙ ይጠፋል፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ሰውየው ጾሙን ይተዋል፥ ከቀነሰም ይመካበታል።

በሌላው ወገን ደግሞ ሕመሙን ሰውሮ የሚጾም አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር ቢጾም የደሙ ስኳር በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት፥ ሊሞትም ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ምግባቸውን ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪም ሊጠይቁ ይገባል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገረው በ15ኛው አንቀጽ ለሕመምተኛ ይራራል። ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን የንስሐ ልጆቻቸውን «ጾምህን?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «ሕመም አለብህን? መድኃኒትስ ትወስዳለህን?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ምእመናንም ለንስሐ አባታቸውና ለሐኪማቸው እውነቱን ይንገሩ።

ሥጋችንን በመጠን እንድንጠብቅ፥ ጾማችንንም በፍቅር እንድንፈጽም አምላካችን ይርዳን። አሜን።