ለጥናት ለምትወጡ ልጆቼ

ያለዕድሜ ጋብቻን ልታጠኑ ወደ ገጠር የምትወጡ ልጆቼ፣ «ሕጉን ታውቃላችሁ?» በሚል ጥያቄ ቅጻችሁን አትሙሉት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ተድረው ነበር።

ይልቅ ስለ ብርሃነ ሔዋን የተጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ። አማራ ክልል ውስጥ ሞሰቦ ላይ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረ ፕሮግራም ነው። ደብተር፣ የልጃገረዶች ቡድን፣ የማኅበረሰብ ውይይትና የእንስሳ ስጦታ አንድ ላይ ቀረቡ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ልጆች በ90 በመቶ አነሰ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን፣ ጉድ ነው፣ ይበልጥ አገቡ። አጥኚዎቹ ይህን ሳይደብቁ ጻፉት፤ እኔ ያከበርኳቸው በዚህ ነው።

ታዲያ ከአራቱ የሠራው የትኛው ነው? ኋላ ላይ በተካሄደ ጥናት ደብተሩ፣ ውይይቱና የእንስሳ ስጦታው ለየብቻቸው በተለያየ አካባቢ ተሞከሩ። ከ12 እስከ 14 ላሉት ደብተርና እስክሪብቶው ብቻውን በቂ ሆነ፤ ወጪው በዓመት ለአንዲት ልጅ 20 ዶላር ገደማ ነበር። ከ15 እስከ 17 ላሉት ደግሞ ሳያገቡ ትምህርታቸውን ለቀጠሉበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ መስጠት የጋብቻውን ዕድል በግማሽ ቀነሰ። እንደ እኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትንሿ ልጅ ደብተር አጥታ ቤት ስትቀመጥ ሽማግሌ ይላካል፤ ትልቋ ግን በእጇ የሚገባ ነገር ትፈልጋለች። በሁለቱ ዕድሜ መካከል ያለውን ልዩነት ያላየ ጥናት ገንዘቡን ያባክናል።

ስትቆጥሩም ጠንቀቅ በሉ። ሠርጉ የሚበዛው በጥር፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ነውና ኅዳር ላይ የቆጠራችሁት ብዙ አያሳያችሁም። ታላቋ ስትዳር በዚያው ድግስ ታናሿን መዳርም የተለመደ ስለሆነ «ሠርግ ነበረ ወይ?» ብላችሁ አታብቁ፤ ስንት ሙሽሪት እንደነበረች ጠይቁ። ዕድሜዋንም ከአባቷ ቃል ብቻ አትውሰዱ፤ ክፍሏን፣ የተወለደችበትን ዘመን ክስተት አስተያዩ።

አንዲት ልጅ «ሊድሩኝ ነው» ብላ በጆሯችሁ ብትነግራችሁስ? ያን ጊዜ ማሰብ መጀመር አይቻልም። ቅጹን ከማተማችሁ በፊት የትኛው መምህር፣ የትኛው የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ እንደሚደርስላት ከወረዳው ጋር ጨርሱ።