የራስ ባትሪ፣ የሌላ ሰው መልእክት

የተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰቡት ማማውና ኩባንያው ቢሆኑም፣ መረቡ በመሠረቱ ብዙ ሰዎች አንድን ውስን ሀብት፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድን፣ ተካፍለው የሚኖሩበት ሥርዓት ስለሆነ፣ የትብብርና የራስ ወዳድነት ጥያቄ ከውስጡ የሚነሣ ነው። ይህ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የኢትዮጵያና የኬንያ የድንበር ከተማ ሞያሌ ነው። በኬንያ በኩል ካለችው ማንያታ ተነሥቶ ወደ ድንበሩ የሚጠጋ ሰው ስልኩ የሁለቱንም አገሮች ሲግናል ሊያገኝ ይችላል፤ ሞገድ በኬላ ስለማይቆምም፣ ጎረቤት አገሮች በድንበር አካባቢ የሚለቁትን የሞገድ ዓይነትና ኃይል ተነጋግረው ካልወሰኑ አንዱ የሌላውን ጥሪ ያውካል።

በከተማው ውስጥ ባሉት ስልኮች መካከልም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። በሦስተኛው ትውልድ ወይም ‹ስሪ ጂ› በሚባለው ቴክኖሎጂ ብዙ ስልኮች በአንድ ሞገድ በአንድ ጊዜ ስለሚናገሩ፣ የአንዱ ድምፅ ለሌላው ጫጫታ ነው፤ እያንዳንዱ ኃይሉን ቢጨምር ለራሱ ይጠቀማል፣ ሁሉም ቢጨምሩ ግን ማንም አይሰማም። ስለዚህ ማማው በሰከንድ 1500 ጊዜ ያህል ‹ጨምር› ወይም ‹ቀንስ› እያለ ያዛቸዋል። ችግሩ ተፈትቷል፤ ነገር ግን እንቢ ለማለት የማይችል መሣሪያ መታዘዙን ትብብር ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ጥያቄው በሙሉ ክብደቱ የሚመጣው ማማ በሌለበት ነው። ‹አድ ሆክ› የሚባለው መረብ ስልኮች ያለ ማማ እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ መልእክት የሚያደርሱበት ሲሆን፣ የሌላውን መልእክት የሚያሳልፍ ስልክ የራሱን ባትሪ ይከፍላል፤ ራስ ወዳዱ ግን የራሱን ይልካል፣ የሌላውን ይጥላል። ከ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ተመራማሪዎች መልእክት የሚጥለውን የሚከታተሉ፣ ለሚያሳልፈው ደግሞ ክፍያ የሚሰጡ ዘዴዎችን አቅርበዋል። የሐሳቡ ሥር ሮበርት አክስልሮድ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ትብብር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል፤ በዚያ መሠረት በተደጋጋሚ የሚገናኙ ሁለት ወገኖች፣ መጀመሪያ በመተባበር ከዚያም ያገኙትን በመመለስ፣ ያለ ዳኛ ሊስማሙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሠራው ነገ ለሚገናኙ ሰዎች ነው፤ ዛሬ ሞያሌን አልፎ ወደ ናይሮቢ ለሚወርድና ለማይመለስ መንገደኛ ምን ይላል?

ለዚህ የቦረናና የአፋር ልማድ ከስሌቱ የጠለቀ መልስ አለው። በዱብሉቅና ቱላ በሚባሉት በሌሎቹ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ወጣቶች ከጥልቁ እስከ አፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ባዶው መቅጃ ሲወርድ ሙሉው ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ዜማውም ምቱን ይጠብቃል፤ መካከል ላይ አንዱ እጁን ቢሰበስብ ከበታቹ ያሉት ሁሉ ልፋታቸው ከንቱ ይቀራል። የከብቱን ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ፤ ጉድጓዱም ኮንፊ የሚባል ባለመብት አለው። ሥርዓቱ እንግዲህ ሁሉን ለሁሉ የተወ አይደለም፣ ተራ የሚጥሰውንም ይቀጣል፤ ሆኖም ለተጠማ መንገደኛ የሚጠጣው ውሃ አይከለከልም። በሞያሌ ብዙ ተከታይ ያለው እስልምናም የተረፈን ውሃ መከልከልን ያወግዛል። በአፋር ደግሞ ዳጉ በሚባለው የወሬ ልውውጥ፣ በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ቆመው ያዩትንና የሰሙትን በእውነት ይነጋገራሉ፤ ወሬውን የሚሸከመው ሰው ለእርሱ የማይጠቅም ቢሆንም እንኳ ለሚቀጥለው ያደርሰዋል።

እነዚህ ልማዶች ጥቅምን አይክዱም፤ ዛሬ ያጠጣ ነገ ይጠማል። ነገር ግን የተጠማው ሰው መብት የሚጀምረው ሰጪው ብድሩን ከማስላቱ በፊት ነው፤ አክስልሮድ ያሳየው የመመላለስ ሕግ ብቻውን ከዚህ አያደርስም። የስልክ መረብ ሠሪዎችም ቢያንስ በአንድ ቦታ ይህንኑ ተቀብለዋል፤ በጂኤስኤም ደረጃ መሠረት የራሱ ኩባንያ ሲግናል የሌለበት ስልክ 112ን ሲደውል፣ በአካባቢው ያለ ሌላ መረብ የደዋዩን ደንበኝነት ሳይጠይቅ ጥሪውን ሊሸከምለት ይችላል።