ሁለት ዓይን ሲስት

በዘጌ፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ ባሉት ሥዕሎች ጻድቃን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ ወደ ጎን ዞረው ባንድ ዓይን። ይህ የቆየ የሀገራችን የአሣሣል ልማድ ነው፤ ምሉእ ዓይንን ከጽድቅ ጋር ያዛምዳል። በዚያው ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ዲኤስኤልአር ካሜራ ይዞ ለሚቆም ፎቶ አንሺ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፦ ሁለት ዓይኖች ተስማምተው ቢስቱስ? ጥያቄው ከካሜራው አልፎ ሕሊናን ይነካል። ውስጤ «ትክክል ነው» ስላለኝ ብቻ ትክክል ነውን? አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከመሣሪያው እጀምራለሁ።

ካሜራው ፎከስ የሚይዘው በሁለት ዓይን እንደሚያይ ሰው ነው። በሌንሱ ሁለት ተቃራኒ ዳሮች የገባው ብርሃን ከፊሉ ዋናውን መስተዋት አልፎ፣ ከኋላው ባለች ትንሽ መስተዋት ወደ ታች ይመለስና ከሥር ካለው መለኪያ ላይ ያርፋል። የሁለቱ ዳሮች ምስል ሲገጥም ካሜራው ድምፅ ያሰማል፣ ምልክት ያበራል። ፎቶው የሚቀረጸው ግን እዚያ ሳይሆን ከኋላ ባለው ሴንሰር ላይ ነው። ሁለቱ የብርሃን መንገዶች በፀጉር ውፍረት ያህል ቢበላለጡ፣ ለብርሃን እጥረት እስከ ጥግ በተከፈተ ሌንስ የተነሡት መነኩሴ ዓይናቸው ደብዝዞ ጆሮአቸው ይጠራል። ካሜራው አልዋሸም፤ ያየውን በቅንነት ተናግሯል። አንድ መቶ ጊዜ ቢጠየቅም አንድ መቶ ጊዜ ያንኑ ያረጋግጣል።

ስለዚህ ጉድለቱ ከውስጥ አይገኝም። ካሜራውን በትራይፖድ አስሮ፣ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ፊት ለፊት አቁሞ፣ ከጎኑ ማስመሪያ በሰያፍ አጋድሞ፣ በየመሐሉ ፎከሱን እያበላሹ ደጋግሞ ማንሣት ያስፈልጋል። ብዥታው አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ለምሳሌ የብርሃን ማነስ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ግን ከመለኪያው መንገድ ነው፤ በብዙ የካነንና የኒከን ካሜራዎች ለየሌንሱ ከ-20 እስከ +20 ባለው ማስተካከያ ይቃናል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ አለመዋዠቅ የእውነት ምስክር ይመስለናል፣ እዚህ ግን የስሕተቱ መታወቂያ ሆነ። አቋሙን ለዘመናት ያልለወጠ ሰው ስለ ጽናቱ ይመሰገናል፤ ጽናቱ ግን ወደ አንድ ወገን ማጋደልም ሊሆን ይችላል።

«ካሜራ ፈቃድ የለውም፣ ሕሊና ግን ከፈጣሪ የተሰጠ ብርሃን ነው» የሚል ይኖራል። የደራሲው ማንነት ዛሬም የሚያከራክረው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም በልቡና ብርሃን ላይ የቆመ ነው። እቀበላለሁ፤ በምሳሌውም ብርሃኑ አልሳተም። የሳተችው ብርሃኑን የምትመልሰው ትንሽ መስተዋት ናት፤ እርስዋም በልማድ፣ በወገንና በቂም ትዛነፋለች።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላው ነው፦ መለኪያን በመለኪያ ካረምን ሁለተኛውን ማን ያርመዋል? ሕሊናችንን የሚያርሙት የንስሐ አባትም ሰው ናቸው። መልሱ በካሜራው ላይቭ ቪው፣ ምስሉን ከሴንሰሩ በቀጥታ በስክሪን በሚያሳየው አሠራር፣ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። መስተዋቱ ሲነሣ ካሜራው ሌላ ዳኛ አይጠራም፤ ምስሉ በእርግጥ የሚያርፍበትን ቦታ ራሱን ያያል። ለሥራችን ይህ ማረፊያ የነካነው ሰው ሕይወት ነው። በንስሐ ሥርዓትም የሰው ገንዘብ የወሰደ ማዘኑ ብቻ አይበቃውም፣ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ምርመራው ከስሜቱ ወጥቶ ጉዳቱ ወዳረፈበት ይሄዳል።

ሁሉን መጠርጠር ግን መድኃኒት አይደለም፤ በአንድ ብዥ ያለ ፎቶ ተቆጥቶ ቁጥሩን የሚያዞር ሰው ደኅናውን ሌንስ ያጣምማል። ማስተካከያውም ወሰን አለው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በሁለት ሜትር ርቀት የተገኘው ቁጥር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በደብረ ማርያም አጠገብ ርቃ ለምትቀዘፍ ታንኳ ላይሠራ ይችላል፤ እዚያም እንደገና መለካት ያስፈልጋል።