የሕግ አርቃቂው ኅሊና

ሕግ የሚያረቅ የመንግሥት ባለሙያ ስለ ጻፈው ቃል በኅሊናው ይጠየቃልን? ብዙዎች «እርሱ የታዘዘውን ጻፈ እንጂ አልወሰነም፤ የወሰነው ሹሙ ወይም ምክር ቤቱ ነው» ይላሉ። የአርሲ ደጋ ታሪክ ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ያስተምረናል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ረቂቁም ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ይህ ሕግ ባለመሬቱ ከጢሰኛው ምርት የሚወስደው ድርሻ ከሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ደነገገ። ወሰን መደረጉ በራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን አራት ኩንታል ያመረተ ጢሰኛ ሦስቱን ቢነጠቅ ሕግ አልተጣሰም ማለት ነው። ለጥበቃ የተጻፈው ቁጥር ለግፍ መከላከያ ሊሆን ቻለ።

በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን መንግሥት እርዳታ፣ ካዱ በሚል ምሕፃር የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገባ፤ የስንዴው ምርትም አደገ። መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱ በታወቀ ጊዜ ግን ብዙ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጢሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። የጢሰኛውን መብት የሚወስን ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስዊድናውያንም እንዲታወጅ ይወተውቱ ነበር። ነገር ግን ፓርላማው ሳያጸድቀው የ1966ቱ አብዮት ደረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ጢሰኝነትን ሻረ። አስቀድሞ የተፈናቀለው ግን በረቂቁና በአዋጁ መካከል እርሻውን አጥቶ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ሹሙ «ጢሰኛው ይጠበቅ» ብሎ ያዝዛል። የኪራዩ ውል በጽሑፍ ይሁን ወይስ በቃል ይበቃል፣ የማስረዳቱ ሸክም በማን ላይ ይውደቅ፣ ገበሬው አዝመራውን ሳይሰበስብ ሊባረር ይችላልን የሚሉትን ግን በመጀመሪያ የሚጽፈው አርቃቂው ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው «ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም» የሚል አንድ ሐረግ መብቱን በሙሉ ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ብዕሩ የሚወስነው ነገር አለ፤ በሚወስነውም መጠን ይጠየቃል።

«እያንዳንዱ አርቃቂ ኅሊናውን ከተከተለ፣ ሕዝብ ያልመረጣቸው ሰዎች ሊገዙን ነውን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። አርቃቂው የራሱን ፈቃድ በሹሙ ፈቃድ ምትክ ሊያኖር አልተፈቀደለትም። ነገር ግን የቃሉ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ከረቂቁ ጋር በሚያቀርበው ማብራሪያ በግልጽ መናገር ግዴታው ነው። ትእዛዙ ግልጽ ግፍ ከሆነም እጁን መሰብሰብ ይገባዋል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሕግን ለጋራ ጥቅም የቆመ፣ የማኅበረሰቡ ኃላፊ ያወጣውና ለሕዝብ የተነገረ የአእምሮ ሥርዓት አድርጎ ይተረጉመዋል። ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው አዋጅ ከሚነገርበት ከበሮ ነው። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ለማያውቀው ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬ ግን የዚያ ዘመን ነጋሪት ድምፅ አልነበረውም። ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ሕጎቹን በኦሮምኛም ማተሙ አንዱን ጉድለት ይሞላል፤ ሆኖም ለመረዳት የሚያስቸግር አንቀጽ በየትኛውም ቋንቋ ቢታተም ያው ዝምታ ነው።

አርቃቂው ረቂቁን ከማስረከቡ በፊት አንድ የጭላሎ ገበሬ በፊቱ ቆሞ «ይህ ለእኔ ምን ማለት ነው?» ብሎ እንደሚጠይቀው ያስብ። ሳያፍር ሊመልስለት ከቻለ፣ ያን ጊዜ ይፈርም።