ደፋር ማን ነው?

ለመሆኑ ድፍረት ምንድን ነው? ሞትን አለመፍራት ብቻ ከሆነ ደፋርና እብሪተኛ በምን ይለያሉ? ወጣቶች ነንና ጭብጨባ እንወዳለን፤ ስለዚህ ጥያቄው እኛን ይመለከታል።

በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በሚዘጋጅበት ሰሞን፣ በትሪኒዳድ የተወለደው አብራሪ ሁበርት ጁሊያን አዲስ አበባ ነበር። ጂፕሲ ሞዝ የተባለችውን የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አውሮፕላን ያለ ፈቃድ አስነሥቶ ከዛፍ ጋር አጋጫት። እርሱ ተረፈ፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ኪሳራው ግን አውሮፕላኖቿ በጣት ለሚቆጠሩት አገር ሆነ።

ዕዳው ሁልጊዜ በንብረት አያበቃም። ሰኔ 17 ቀን 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ፌርቻይልድ የአየር ኃይል ሰፈር፣ ሌተና ኮሎኔል አርተር ሆላንድ ለትርኢት ሲለማመድ ቢ 52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከመሬት 75 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከልክ በላይ አጋደለ። አራት መኮንኖች ሞቱ። ሆላንድ ለዓመታት ደንብ ሲጥስ አለቆቹ እያዩ አልፈውት ነበር። ሌተና ኮሎኔል ማርክ ማክጊሃን «ይህ ሰው ከበረራ ይታገድ» ብሎ አመለከተ፤ አልተፈቀደለትም። እንግዲያውስ የእኔ ሰዎች ያለ እኔ ከእርሱ ጋር አይበሩም ሲል ወሰነ። በዚያችም ቀን በረዳት አብራሪው ወንበር ተቀምጦ አብሮ ሞተ።

ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ቅጽበት ሞቱ። ድፍረታቸው ግን አንድ ነውን? አንዱ ለራሱ ዝና የሌሎችን ነፍስ አስያዘ፤ ሌላው በሌሎች ነፍስ ፈንታ የራሱን አቀረበ። እንግዲህ መለኪያው የአደጋው ትልቅነት ሳይሆን፣ ለማን ሲባል፣ በማንስ ነፍስ ነው የሚለው ይመስለናል።

«ችሎታ ያለው ሰው ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። የሆላንድን አለቆች አፍ የዘጋው ይኸው የችሎታው ዝና ነበር። አውሮፕላን እጅግ ሲያጋድል ወደ ላይ ይደግፈው የነበረው ኃይል ወደ ጎን ይሆናል፤ መሬት ቅርብ ከሆነ ደግሞ ስሕተትን ለማረም ጊዜ የለም። አየር ስመ ጥርን ከጀማሪ አይለይም።

ከዚህ የሚከብደው የተመልካቹ ነገር ነው። ማመልከቻውን ያልተቀበለው አዛዥ በኋላ ግዴታውን ባለመወጣቱ በጦር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። እኛስ? ከአሶሳ ወደ ጾሬ በሚወስደው መንገድ ጓደኛውን አፈናጥጦ ሞተር ብስክሌት የሚያስጋልበውን ስናይ እናጨበጭባለን ወይስ እንናገራለን? የተፈናጠጠው ልጅ «ቀስ በል» ለማለት ያፍራል፤ ፈሪ እንዳይባል። ጌታችን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን አልዘለለም፤ ፈርቶ ነው የሚለው ግን የለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ወዳጃችንን መገሠጽ ወዳጅነታችንን ለጥቂት ቀን ያሻክር ይሆናል። ያም ቢሆን ሳይረፍድ እንናገረው፤ ከልቅሶው ቤት ተቀምጠን «እናውቅ ነበር» ማለት ለእናቱ ምንም አይጠቅማትም።