በገዛ ገንዘቤ

አንባቢ ሆይ፤ «በገዛ ገንዘቤ ብገዛ ማን ይጠይቀኛል?» የሚለውን ቃል በገበያ ሳትሰማው አልቀረህም፤ ምናልባትም አንተው ተናግረኸዋል። ነገር ግን እንዲህ የሚል ሰው በእውነት ነጻ ነውን?

ስለ ድሬዳዋ አስብ። ከጅቡቲ የተነሣውን የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ ስለ ከበደ፥ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ደረሰ፤ በዚያም ይህች ከተማ ተቆረቆረች። (አዲስ አበባ እስኪገባ ገና እስከ 1909 ዓ.ም. ቆይቷል።) ከዚራን በቀጥታ ጎዳና የቀየሰው ኩባንያው ነው፤ መጋላ ግን ከደቻቱ ማዶ በሌላ መልክ አደገ። ቡናው በዚህ ወደ ባሕር ወረደ፤ የባሕር ማዶ ሸቀጥም በዚሁ ወጣ። እንግዲህ በሱቅ የምንመርጠውን አስቀድሞ የመረጠልን ነበረ ማለት ነው።

ኩባንያ ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ብዙ ቤተ ሰብ በባቡሩ እንጀራ አድጓል። ነገር ግን ሻጭ ኩባንያ ከገዢው ገንዘብ በቀር አይፈልግም፤ ጎረቤትህ ማን ነው ብሎም አይጠይቅም። ስለዚህ በሱቁ ፊት ብቻውን የቆመ ሰው ከሁሉ ነጻ የወጣ ይመስለዋል። ጌታችን በምሳሌ የተናገረለት ባለጠጋም ስለ ጎተራው የተማከረው ከራሱ ጋር ብቻ ነበር።

እኔም በጕልማሳነቴ፥ የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልሁ ጊዜ፥ ከቀፊራ ገበያ ከውጭ የመጣ ኮት ገዛሁ። በተማሪነቴ ልብሴን በዱቤ ይሰፋልኝ የነበረው ጎረቤቴ በደጁ ሳልፍ ጠራኝ፤ ጨርቁን ዳሰሰ፥ ስፌቱን አየ፥ መረቀኝም። ዋጋውን ቢጠይቀኝ በኩራት ነገርሁት። የእርሱን ዱቤ ግን ገና አልከፈልሁም ነበር።