ያልተመለሰ ሁሉ አልከዳም

ጦርነት ከአገሩ ያወጣው ሰው በተሰደደበት ምድር ጎጆ ቀልሶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ እዚያው ቢቀበር አገሩን ከዳ ይባላል? ጥያቄው በፖላንዳውያን ላይ በርትቶ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1939 ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ፖላንድን ሲቃረጧት ከምሥራቁ ክፍል ብዙ ሕዝብ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። ከግዞቱ ከተረፉት ከፊሎቹ በኢራን በኩል ወጡ፤ ወንዶቹ ጦር ሜዳ ገቡ፣ ከሴቶቹና ከሕፃናቱም እስከ ታንዛኒያዋ ቴንገሩ ድረስ መጥተው የተጠለሉ ነበሩ። በ1944 በጣሊያን ምድር ሞንቴ ካሲኖን ያስለቀቁት የፖላንድ ወታደሮች ከአሸናፊዎች ጎን ተሰልፈው አገር አልባ ሆኑ። የብዙዎቹ ቀዬ ለሶቪየት ኅብረት ተሰጠ፤ ዋርሶም በሞስኮ ጥላ ሥር ወደቀች። ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት እንግሊዝ አገር ቀሩ። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ስደተኛ የሚመዘነው በመመለሱ ወይም በመቅረቱ ሳይሆን፣ ለማን ተጠያቂ ሆኖ እንደኖረ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ለንደን መሄድ አያሻም፤ ከደሴ አለፍ ብሎ ሐይቅና አምባሰል ይበቃሉ።

እቴጌ መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር ከተፈታ በኋላ ደሴ ብዙም ሳትቆይ በወራሪው በጣሊያን እጅ ገባች፤ በሚያዝያ 24 ደግሞ ባለቤታቸው ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። እቴጌይቱ የስደቱን ዘመን በእንግሊዟ ባዝና በኢየሩሳሌም አሳለፉ። ቤተ ልሔም ሄደው በልደት ቤተ ክርስቲያን፣ አገራቸው ነጻ ከወጣች ዘውዳቸውን ለእመቤታችን ሊሰጡ ተሳሉ። አገር ነጻ ሲወጣም በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ የደፉትን ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ላኩ። ስለት ዕዳ ነው፤ ተሳዩ የትም ቢኖር ከተሳለበት ጉዳይ አይፈታም። እቴጌይቱ በስደት ሳሉ የራሳቸውን ክብር ለአገራቸው ነጻነት መያዣ አደረጉት፤ ሲመለሱም ክብሩን ለራሳቸው አላስቀሩትም።

ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው የሚያነሣው መከራከሪያ አለ፤ ክብደቱም ቀላል አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ እንዳይሄዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት አጥብቀው ተቃውመው ነበር። የወሎው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ደግሞ አርበኞችን አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። እሳቸው ደማቸውን ሲያፈሱ ባሕር ማዶ ሆኖ መሳል ምን ዋጋ አለው? የሰማዕቱ ዋጋ ከስደተኛው እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን ሰማዕትነት ከሁሉ መብለጡ ሌላውን ሁሉ ክህደት አያደርገውም። የአቡነ ጴጥሮስ ሞት አውግዙ ያሏቸውን ይከስሳል፤ በቤተ ልሔም የጸለየውን አይከስስም። ቤተ ክርስቲያንም በጽጌ ጾም እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ግብፅ መውረዷን በየዓመቱ ታስባለች። ስደት በራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ ጾም ተሠርቶለት አይታሰብም ነበር።

ወሎ የሁለት ሃይማኖት አገር ነውና ሁለተኛው ምስክር ከእስልምና ቢመጣ ያምራል። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ነቢዩ በ622 መዲና ከገቡ በኋላም ከስደተኞቹ ጃዕፈርና ባለቤቱ አስማ ቢንት ዑመይስ እዚሁ ነበሩ፤ የተመለሱት በ628 ነው። ሐዲስ እንደሚያወሳው፣ ወደ መዲና የተሰደደው ዑመር በሂጅራ፣ ማለትም በስደት፣ ቀድመናችኋልና ለነቢዩ እኛ እንቀርባለን ቢላት አስማ ተቆጣች፤ እናንተ ከጎናቸው ሆናችሁ የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ በሩቅና በባዕድ ምድር በፍርሃት ኖርን አለችው። ነገሩን ለነቢዩ ብታቀርብ የፈረዱት ለእሷ ነው፤ ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ በመርከብ ለመጡት ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ተናገሩ። ዘግይቶ የመጣው ከደጃፍ አልተመለሰም፤ የርቀቱ ዓመታትም ከድካሙ ጋር ተቆጠሩለት።

የነገሩን ግልባጭ ለማየት ከአምባሰል መውጣት አያስፈልግም። ዛሬ ምእመናን መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የሚወጡባት ግሸን በአንድ ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩባት አምባ ነበረች። መሳፍንቱ ከአገራቸው አንዲት ጋት አልራቁም፤ ሆኖም ከአገር ጉዳይ ተለይተው፣ ጠባቂ ተሹሞባቸው ይኖሩ ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከዚያው ወርደው ነግሠዋል፤ ብዙዎቹ ግን እዚያው አርጅተው ሞተዋል። እንግዲህ አፈሩን እየረገጡ ከአገር መነጠል ካለ፣ አፈሩን ሳይረግጡም ከአገር ጋር መኖር አለ ማለት ነው።

ሌላው መከራከሪያ ከፊተኛው ይጠነክራል፤ ተጠያቂነት በአፍ ብቻ ከሆነ ርካሽ ነው፣ ማንም ዋሽንግተን ተቀምጦ አገሬን እወዳለሁ ማለት ይችላል። እውነት ነው። ስለዚህ መለኪያው ስሜት ሳይሆን የሚያስከፍል ነገር ይሁን። ለንደን የቀሩት ፖላንዳውያን የስደት መንግሥታቸውን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ጠብቀው አቆዩ፤ ኃያላኑ ዕውቅና ከነፈጉት በኋላ እንኳ አላፈረሱትም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1990 የመጨረሻው የስደት ፕሬዚዳንት ሪሻርድ ካቾሮቭስኪ ዋርሶ ሄደው የፕሬዚዳንትነቱን ምልክቶች ሕዝብ ለመረጣቸው ለሌክ ዋሌሳ አስረከቡ። ካቾሮቭስኪ ሳይቤሪያ የተጋዙ፣ ሞንቴ ካሲኖም የተዋጉ ሰው ነበሩ። ካስረከቡ በኋላ ኑሯቸው እዚያው ለንደን ቀጠለ። አደራው ተመለሰ፤ ሰውየው ቀሩ። በዚህ ሰው ላይ ከሃዲ የሚለው ስም የሚያርፍበት ቦታ አላየሁም።

ስለ ልጆቹስ? በስደት የተወለደ ልጅ ያልተሳለውን ስለት አይከፍልም፤ የተወለደበትን አገር ቢወድ ዕዳ የለበትም። ስደተኛ በደረሰበት ሥር ሰድዶ ለዚያው ምድር ፍሬ መስጠቱም ጥፋት አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከዳህና ተነሥተው በደብረ ዳሞ አድርገው ሐይቅ እስጢፋኖስ የደረሱት በ13ኛው መቶ ዘመን ነው። ትምህርቱንና መጻሕፍቱን ያደራጁት ባልተወለዱበት ደሴት ነው፤ ዳህናም ልጄ ከዳኝ አላለችም። የእሳቸው መንገድ መነኩሴ በፈቃዱ የሚመርጠው ነው፤ የጦር ስደተኛ ግን ተገዶ ወጥቷል። በፈቃዱ የሄደውን ካከበርን፣ ተገፍቶ የሄደውን መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ በባዕድ አገር የሚኖረውን ወገን መቼ ትመለሳለህ ከማለት በፊት ምን አደራ ይዘሃል፣ ለማንስ ታስረክባለህ ብለን እንጠይቀው። ያንኑ ጥያቄ ከአገራችን ወጥተን የማናውቀውም ብንመልሰው ደግ ነው፤ በቀዬው እየኖረ ለማንም የማይጠየቅ ሰው ከስደተኛው በምንም አይሻልም።